አባቴን በወጉ ሳናለቅስለት ቀበርን፤ አሁን ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ ያጥረኛል

የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ
ነሐሴ 9 ቀን 2012

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ ከእናቴ ጋር። አንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለ15 ቀን ነው ተብሎ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ቤት ነኝ። በቴሌግራም የቤት ሥራ እልካለሁ፤ ከ38 ልጆች የሚመልሱልኝ 11 ናቸው። የቀሩት ወላጆቻቸው ስማርት ስልክ የላቸውም ወይም ካርድ የሚሞሉበት የላቸውም። እሱም አንድ ሐሳብ ነው፣ ግን ለሱ አይደለም የመጣሁት።

አባቴ ሚያዝያ 18 አረፈ። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት። ኮሮና አልነበረም። ልቡን ከታመመ 6 ዓመት ሆኖት ነበር። ግን ሰፈሩ እንዴት ይመን? ያኔ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከወጣ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው፣ ሰው ሁሉ ፈርቷል። ድንኳን አልተጣለም። እድሩ ገንዘቡን በአንድ ሰው ላከልን። ሰውየው በር ላይ ቆሞ "እግዜር ያጥናችሁ" አለና ፖስታውን ግንቡ ላይ አስቀምጦ ሄደ። አልፈረድኩበትም፣ እሱም ልጆች አሉት። ቀብሩ ላይ ጥቂት ዘመድ ነበር፣ ሁሉም ተራርቆ ቆሞ። እናቴን ማንም አላቀፋትም። 38 ዓመት አብራው የኖረች ሴት ብቻዋን ቆማ ነጠላዋን ስትነክስ ነበር። እኔም አላቀፍኳትም። ስኳር አለባት፣ 63 ዓመቷ ነው፣ ሆስፒታል ስመላለስ የከረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ይዤው ብሆንስ ብዬ ፈራሁ።

አላለቀስኩም። እስከ ዛሬ አላለቀስኩም።

ከሰኔ ወዲህ ነው ይሄኛው የጀመረኝ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ብንን እላለሁ። ልቤ ደረቴን ሊሰብር ይደርሳል። ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ አሁን ልሞት ነው እላለሁ። መስኮት እከፍታለሁ፣ ዝናቡ ይገባል። ከዚያ ቴርሞሜትር ፍለጋ። 36 ነጥብ 4። እንደገና ከአምስት ደቂቃ በኋላ። 36 ነጥብ 5። "እየጨመረ ነው" እላለሁ። 8335፣ የኮሮናው ነፃ መስመር ላይ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፣ እውነት ለመናገር በትዕግስት ነው ያናገሩኝ። ተመርምሬም ነፃ ነኝ። ለሁለት ቀን ቀለለኝ፣ በሦስተኛው ቀን "ከምርመራው በኋላ ይዞኝ ቢሆንስ?" ብዬ ቁጭ አልኩ።

እጄን ስንት ጊዜ እንደምታጠብ አላውቅም። የጣቶቼ መጋጠሚያ ተሰነጣጥቆ ሎሚ ስጨምቅ ያንገበግበኛል። ሽንኩርቱን በሳሙና አጥባለሁ። እናቴ ቅዳሴ ሄዳ ስትመለስ በር ላይ ጫማዋን አስወልቄ በረኪና እረጫለሁ፣ እሷ ደግሞ ዝም ብላ ታየኛለች። ክረምት ስለሆነ ሁሉም ሰው ይስላል፤ እሷ በሳለች ቁጥር እኔ ከክፍሌ ዘልዬ እወጣለሁ።

ቡና ስታፈላ ዛሬም ስድስት ሲኒ ነው የምትደረድረው። የምንጠጣው ሁለታችን ነን። አራቱን እንደ ደረቁ አጥባ ትመልሳቸዋለች። አንድ ቀን "እማ ሁለት ይበቃል እኮ" አልኳት። አልመለሰችልኝም።

ማበዴ ነው? ወይስ በሽታው ነው? እንዲህ የሆነ ሰው ካለ ምን እንዳደረገ ይንገረኝ።

---

ጎፋ 17
ነሐሴ 9

እህቴ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አላበድሽም። እኔ ያዳነኝ አንድ ነገር ነው፦ ዜና ማታ አንዴ ብቻ። የጤና ሚኒስትሯን የዶ/ር ሊያን የዕለት የኮሮና ቁጥር አንዴ አያለሁ፣ ከዚያ ስልኩን ሳሎን ትቼ እተኛለሁ። ቁጥሩን አሥር ጊዜ ብታዪው አይቀንስም። ቴሌግራም ላይ ያሉትን የኮሮና ግሩፖች በሙሉ ውጪ፣ ግማሹ ውሸት ነው።

---

በስሙ የተጠራሁ
ነሐሴ 9

የኔ እህት፣ ይሄ ፍርሃት ነው፣ ፍርሃት ደግሞ የሚመጣው ከጸሎት ስንርቅ ነው። አሁን ፍልሰታ ነው፣ ሱባዔ ግቢ። ጸበል ተጠመቂ። እኔ ማስክም አላደርግም፣ ይኸው ደህና ነኝ። በሽታውን እንዲህ የሚያስፈራ ያደረጉት ሚዲያዎቹ ናቸው። በቅንነት ነው የምነግርሽ።

---

የሥነ አእምሮ ነርስ
ነሐሴ 10

መጀመሪያ ከላይ ለጻፍከው ወንድሜ። በቅንነት እንደጻፍከው ይገባኛል፣ እኔም ፍልሰታን እየጾምኩ ነው። ግን ማስክ አለማድረግህን ስኳር ያለባት እናት ቤት ላለች ልጅ ምክር አታድርገው። ካለፈው ግንቦት ጀምሮ በአንድ የኮሮና ሕክምና ማዕከል ተመድቤ ሠርቻለሁ። ሲጸልዩ የነበሩ፣ ቄሶችም ሼኮችም አልጋ ላይ አይቻለሁ። እምነታቸው ጎድሎ አይደለም የታመሙት።

አሁን ወደ አንቺ እህቴ። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ነገር አለብሽ፣ ተደራርበው እንደ አንድ ሆነውብሻል። አንዱ የሌሊቱ ነው። ሌላው ያልወጣ ሐዘን ነው።

የሌሊቱን እንዲህ ብለሽ አስቢው። ሰውነታችን አደጋ ሲያይ ለመሮጥ ይዘጋጃል፦ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። አንቺ ግን አልጋ ላይ ነሽ፣ የምትሮጪበት የለም። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ከደምሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል። ጣት የሚያደነዝዘው፣ ራስ የሚያዞረው፣ "አየር አጠረኝ" የሚያሰኘው እሱ ነው። ልብ በዪ፣ አየር አንሶሽ ሳይሆን አብዝተሽ ተንፍሰሽ ነው። ስትፈሪ ይብሳል፣ ሲብስ ትፈሪያለሽ። ድንገት ይመጣል፣ ባብዛኛው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል። ኮሮና ትንፋሽ የሚያሳጥረው እንዲህ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳትና ሳል ቀድመው፣ ከቀናት በኋላ ይመጣል፣ ደረጃ ስትወጪ ይብሳል፣ ነግቶም አይለቅሽም። ያም ሆኖ አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ልብሽን፣ ደምሽን፣ የእንቅርት ዕጢሽን ይዩልሽ። የታይሮይድ መብዛትም የደም ማነስም ልብ ያስመታሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ግን። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ መመርመር መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ ራሱ ሕመም ይሆናል፣ በሦስተኛው ቀን የደረሰብሽን አይተሻል።

ሌሊት ሲመጣብሽ መስኮት አትክፈቺ፣ ቴርሞሜትሩን አትፈልጊ። አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀመጪ፣ እግርሽን መሬት ላይ አድርጊ። በአፍንጫሽ እስከ አራት እየቆጠርሽ ሳቢ፣ በአፍሽ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ አውጪ፣ ቡና እንደሚያቀዘቅዝ ሰው። ማውጫው ከማስገቢያው ይርዘም፣ ቁም ነገሩ እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ አይሠራም ብለሽ ትናደጃለሽ። ቀን ቀን፣ ደህና ሳለሽ ተለማመጂው፤ እሳት ከተነሳ በኋላ ውሃ መቅዳት ይከብዳል። ቴርሞሜትሩን ለእናትሽ ስጪያት፣ እሷ ትያዘው።

ለእጅሽ 20 ሰከንድ በሳሙና በቂ ነው። ከውጭ ስትገቢ፣ ከመብላትሽ በፊት፣ ከሽንት ቤት በኋላ። ሌላ ጊዜ "ልታጠብ" የሚለው ሲመጣ አትከልክዪው፣ ግን አሥር ደቂቃ አቆዪው። በሚቀጥለው ሳምንት ሃያ ደቂቃ። ቫዝሊን ቀቢ፤ የተሰነጠቀ ቆዳ አይጠብቅሽም።

አሁን ትልቁ ነገር። እኔ በሥራዬ ያየሁት ይሄንን ነው፦ በዚህ ወረርሽኝ ሰው የታመመው በቫይረሱ ብቻ አይደለም። እኛ አገር ሰው ሲከፋው የሚሄድበት ቦታ ለቅሶ ቤት ነው፣ ቡና ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ መስጊድ ነው፣ ጎረቤት ነው። በሽታው መጥቶ የዘጋው እነሱኑ ነው። ድንኳን ሲጣል የሚያለቅሰው ሰው ብቻውን አይደለም፣ አንዱ ያስለቅሰዋል፣ ሌላው "በቃ አሁን" ይለዋል፣ ሦስተኛው ንፍሮ ያቀርብለታል፣ ሲመሽ አብሮት የሚያድር አለ። ሐዘንን ተሸክሞ የሚያወጣው ያ ነበር። ለአንቺና ለእናትሽ አልተደረገላችሁም። ስለዚህ መተንፈስ መለማመድ ብቻውን አይበቃሽም። ለቅሶው መደረግ አለበት፣ ዘግይቶም ቢሆን።

ሁለት ሳምንት ሞክረሽ ካልቀነሰ፣ ወይም መብላትና መተኛት ካቃተሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። "ባልኖር ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀን አትቁጠሪ፣ በዚያው ቀን ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው። የአማኑኤል ስም ያስፈራሻል፣ አውቃለሁ፣ ብዙ ሰው በስሙ ፈርቶ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እኔ ራሴ ሰኔ ላይ ፈረቃዬን ጨርሼ ሆቴል ተለይቼ ሳለሁ የአራት ዓመት ልጄ በቪዲዮ "አንቺ አሁን ስልክ ውስጥ ነው የምትኖሪው?" ስትለኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ባልደረባዬ ጋ ሄጄ ታካሚ ሆኜ ተቀመጥኩ። ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። አሁን ደህና ነኝ።

---

ሜሪላንድ
ነሐሴ 10

የነርሷን መልስ ሳነብ ልጽፍ ተነሳሁ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው፣ መጋቢት ላይ ሁሉም ሲዘጋ ከሥራ ወጣሁ። ብቻዬን ነው የምኖረው። ለሦስት ወር የሰው እጅ አልነካሁም። እንጀራ የማመጣላቸው አንድ እናት ብቻ ናቸው በአካል ያየኋቸው፣ እሳቸውንም በመስታወት።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ነው የምትኖረው አልኩ፣ ይቅርታ። ሰኔ ላይ አረፈች።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። ሰው ተጠራርቶ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በር አንኳኩቶ ነው። ማንም ብቻውን ሆኖ መርዶ መስማት የለበትም። እዚህ ግን ቤት መግባት አይቻልም፣ አውሮፕላን ተሳፍሬም ለቀብር አልደርስ። እህቴ አገር ቤት ሆና ለጓደኞቼ ደውላ "በስልክ እንዳትነግሩት" ብላ አስምላቸዋለች።

ሊነጋ ሲል ስልኬ ጠራ። ጓደኛዬ ነው። "ባልኮኒ ላይ ውጣ" አለኝ፣ ሌላ ምንም አላለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ወጥቼ ወደ ታች ሳይ መኪና ማቆሚያው ላይ ዘጠኝ ሰው ቆሟል። ተራርቀው። ሁሉም ማስክ አድርገዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነው የለበሱት። አንድም ሰው አልተናገረም። ሳይናገሩ ገባኝ።

ጮህኩ። እነሱም ከታች ጮሁ። ጎረቤቶቼ መብራት አበሩ። አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ፖሊስ ይጠራል ብዬ ስፈራ ወርዶ ጠየቃቸው፣ ሲነግሩት አንድ ካርቶን ውሃ አምጥቶ መሃላቸው አስቀምጦ ተመለሰ። እስከ እኩለ ቀን አልሄዱም። መኪናቸው ውስጥ ገብተው መስኮት ከፍተው ተቀመጡ። እኔ ባልኮኒ ላይ፣ እነሱ ታች። ከዚያ ለሰባት ቀን በየማታው በዙም ተሰበሰቡ። አንዳንዱ ምንም አይናገርም፣ ካሜራውን ከፍቶ እራቱን ይሠራል። ያ ነው የጠቀመኝ። ብቻዬን ዝም ከማለት አብሮ ዝም ማለት።

አሁን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ግን ጮኼያለሁ። አንቺ አልጮህሽም። እህቴ፣ ጩኺ።

---

ከቤይሩት የተመለስኩ
ነሐሴ 11

እኔ እንደነሱ መጻፍ አልችልበትም። ከቤይሩት መጥቼ ለይቶ ማቆያ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ገባሁ። እዚያ እያለሁ ደህና ነበርኩ፣ ብዙ ነበርን፣ ሌሊት እንዘምራለን እናለቅሳለን። ያመመኝ ሰፈሬ ስገባ ነው። ነፃ ነሽ የሚል ወረቀት ይዣለሁ። የጎረቤት ሴት ልጇን ከመንገድ ላይ ጎትታ አስገባች እኔን ስታይ። ሱቅ ስሄድ ባለሱቁ ብሩን መሬት ላይ አስቀምጪው አለኝ። ወንድሜ ጋ ነው ያለሁት፣ ሚስቱ ሳህኔን ለየችው። ቤይሩት እያለሁ ማዳሟ ደመወዝ አልከፍልም ብላ አስወጥታኛለች፣ ቆንስላው ደጃፍ አስፋልት ላይ ከተጣሉት ጋር አድሬያለሁ፣ ያ ሁሉ እንደዚህ አላመመኝም። ሐምሌ 28 የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ ሲሆን እዚያ የቀሩት ጓደኞቼ ስልክ አያነሱም ነበር፣ ሁለት ቀን እህል አልበላሁም፣ በኋላ አንዷ አነሳች።

አንቺ እናትሽን ስላላቀፍሽ ነው የሚሰማሽ እኔ ገብቶኛል። እኔ ማንም ስላላቀፈኝ ነው። ማስክ አድርጊና ፊትሽን አዙረሽ እቀፊያት። ተመርምረሽ ነፃ ነሽ አላልሽም? ምን ትጠብቂያለሽ?

---

የእድር ዳኛ
ነሐሴ 12

ልጄ፣ ነፍስ ይማር። የልጄ ልጅ ነው ይሄን ያሳየኝ፣ እሱው ይጽፍልኛል እኔ እናገራለሁ።

የአንድ እድር ዳኛ ነኝ፣ 14 ዓመት ሆነኝ። ያንቺ ሰፈር አይደለም። ግን ፖስታውን ግንቡ ላይ አስቀምጦ ስለሄደው ሰው ስታወሪ ፊቴ ጋለ። እኔም ያንን አድርጌያለሁ። ከመጋቢት ወዲህ ከእድራችን ዘጠኝ ሰው ሞቷል። ለአንዱም ድንኳን አልጣልንም። ድንኳኑ መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ነው፣ አግዳሚዎቹ ላይ አቧራ ወርዷል። አንድ ቀን ብቻዬን ገብቼ አየሁትና እዚያው ቁጭ አልኩ። ሰው "እድር ምን ይሠራል ታዲያ?" ቢለኝ መልስ አልነበረኝም። ገንዘቡን ሰጠን። ገንዘብ እኮ ትንሹ ነው።

አያቴ የኅዳር በሽታን ትነግረን ነበር። 1911 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ እንዲህ ሰፊ አይደለችም። ከየቤቱ ሰው አለቀ ትላለች፣ ቀባሪ ጠፋ፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ጠፋ፣ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተነሱ። ኅዳር 12 ለሚካኤል ቆሻሻ የምናቃጥለው፣ "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው ሲሉ ነው ያደግነው። አያቴ ታዲያ ስለ በሽታው ስታወራ አታለቅስም ነበር። የምታለቅሰው "ወንድሜን ሳላለቅስለት" ስትል ነው። 60 ዓመት አልፎት እንኳ። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ አልገባኝም። ዘንድሮ ነው የገባኝ።

ስለዚህ ያደረግነውን ልንገርሽ። ሐምሌ ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበና ዘጠኙንም ቤት እንዙር አልን። በቀን ሁለት ሰው ብቻ፣ ማስክ አድርገን፣ ግቢ ውስጥ ወይ በር ላይ፣ የራሳችንን ዱካ ይዘን። ሩብ ሰዓት አይደለም፣ አንድ ሰዓት። አንገባም፣ እህል አንቀምስም። የሟቹን ስም እየጠራን እናወራለን። ምን ይወድ ነበር፣ ከማን ጋር ተጣልቶ ታረቀ። መጀመሪያ የሄድንበት ቤት ልጅየው "አሁን ነው የመጣችሁት?" ብሎ ተቆጣን። ልክ ነው። ተቀመጥን፣ ተናገረ፣ ሰማነው። ሲጨርስ አለቀሰ።

ልጄ፣ የእድራችሁን ዳኛ ደውዪለት። "ኑና አባቴን አልቅሱልኝ" በይው። አትፈሪ፣ አታፍሪ። እነሱም ከብዷቸዋል፣ የሚጠራቸው ነው ያጡት። መንፈቁ ጥቅምት ላይ ይመጣል፣ ግን መንፈቁን አትጠብቂ።

---

የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ
ነሐሴ 13

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። የሜሪላንዱን ወንድሜን ሁለቴ። ነፍስ ይማር።

አባባ፣ ዳኛውን መደወል ከበደኝ። ሦስት ጊዜ ቁጥሩን ነክቼ ዘጋሁት። ምን ብዬ ልጀምር? ቁጣዬ ይወጣል ብዬም ፈራሁ።

ቴርሞሜትሩን ለእማ ሰጠኋት። መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ያዘችው።

---

የእድር ዳኛ
ነሐሴ 13

ቁጣሽም ይውጣ ልጄ። እሱም የለቅሶው አንድ ክፍል ነው። ካቃተሽ እናትሽ ትደውል፣ ለእሷ አያቅታትም።

---

የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ
ጳጉሜ 3 ቀን 2012

ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ። የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልንገራችሁ።

እማ ደወለች። ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ። እኔ ማድ ቤት ነበርኩ፣ ድምፅዋን ነው የሰማሁት። "ባለቤቴን ሳታለቅሱልኝ ክረምቱ ሊወጣ ነው" አለቻቸው። ሌላ ምንም አላለችም። ወዲያ ማዶ ዝም አለ። ከዚያ "እንመጣለን እትዬ" ሲል ሰማሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋው ነበር።

ቅዳሜ መጡ። ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ፣ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስኪመሽ። ዝናቡ እንደ ዕድል አባርቶ ነበር። ግቢ ውስጥ ተራርቀው ተቀመጡ። እማ ቡና አፈላች፣ ስድስቱን ሲኒ ደረደረች። ጎረቤታችን ግን ከነጠላዋ ውስጥ የራሷን ሲኒ አወጣች። ሌላዋም። ሁሉም ሲኒያቸውን ከየቤታቸው ይዘው ነው የመጡት፣ ለሷ ብለው፣ ስኳር እንዳለባት ስለሚያውቁ። እማ መጀመሪያ ከፋት። "የኔ ሲኒ ምን ሆነ?" አለች። ሲነግሯት ጀበናውን ይዛ ቆመች፣ ብዙ ቆየች፣ ከዚያ ቀዳችላቸው።

ፖስታውን ያስቀመጠው ሰውዬም መጣ። እሱ ጋ ስደርስ እቆጣለሁ ብዬ ነበር። ገና ሳልናገር "ያን ቀን አባትሽን እያሰብኩ አስፋልቱን እስክሻገር አልቅሻለሁ፣ ልጄ አስም አለበት፣ ፈርቼ ነው" አለኝ። የበሩ ማጠፊያ ሲበላሽበት አባቴ ሁለት ቀን ሠርቶ እንዳስተካከለለት አነሳልኝ። የማላውቀው ታሪክ ነው። አባቴ መዶሻ ይዞ ታየኝ። ያን ጊዜ ነው የወጣልኝ። ግንቡን ይዤ ስጮህ እማ ከኋላዬ መጥታ አቀፈችኝ። ማስኬን አድርጌ ነበር። አልሸሸሁም።

ነርሷ እህቴ፣ ሌሊቱ አልጠፋም። ድሮ በሳምንት አምስት ስድስት ጊዜ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ። ቆጠራው ሲጀምር እናደዳለሁ እንዳልሽው፣ ግን ይሠራል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ታይሮይዴ ደህና ነው፣ ትንሽ ደም አንሶኛል ተብዬ የአይረን ኪኒን ይዣለሁ። እጄ ድኗል ማለት ይቻላል። መስከረም 5 ሥነ አእምሮ ክፍል ቀጠሮ አለኝ፣ እማ አብራኝ ትሄዳለች። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤት መቼ እንደሚከፈት አልታወቀም፣ እሱ አሁንም ያስጨንቀኛል፣ ግን ሌላ ዓይነት ጭንቀት ነው፣ ቀን ቀን የሚመጣ።

ከቤይሩት የተመለስሽው እህቴ፣ ያንቺን መልስ ማንም ሳይመልስልሽ እንደቀረ ዛሬ ነው ያየሁት። ለእማም አነበብኩላት። ሰፈርሽ የት እንደሆነ በውስጥ ጻፊልኝ። እንቁጣጣሽ ዓርብ ነው። ለእሁድ እናቴ ቡና አፍልታ ትጠብቅሻለች። ሲኒሽን ይዘሽ ነይ።